የሞተርህ መድን ማንን ይሸፍናል?



ዛሬ የምንማማረው ስለ ሞተር ሳይክል መድን ነው። "ይሄ ደግሞ ምኑ የጁሙዓ ነው?" እንዳትለኝ። የሰው ደምና የሰው ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ሁሉ የዲን ጉዳይ ነው።

ሞተር የገዛ ወጣት ስለ ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው የሚጠይቀው። አንዱ "ኡስታዝ፣ ኢንሹራንስ ሐራም አይደል እንዴ?" ይላል። ሌላው "ትራፊክ እንዳይከሰኝ ብቻ፣ ርካሹ የቱ ነው?" ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውን እናያለን። ነገር ግን ሁለቱንም ጠያቂው የሚጠይቀው ስለ ራሱ ነው። ከሁለቱም መቅደም ያለበት ሦስተኛ ጥያቄ አለ፦ ሞተር ላይ ሆኜ ሰው ብገጭ የዚያን ሰው ሐቅ በምን እከፍላለሁ?

መንገዳችንን ታውቀዋለህ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን እያለ ያልፋል። ቡሬ ላይ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ይገነጠላል፤ የዘይት ፋብሪካውና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉትም እዚያው ስለሆነ ከባድ መኪናው ብዙ ነው። በገበያ ቀን በዚሁ አስፋልት ላይ በርበሬና በቆሎ የጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች እናት፣ ባጃጅና ተሳቢ መኪና እኩል ይጋፋሉ። ከአስፋልቱ ወጥተህ ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት ወይም ወደ ሽንዲ ስትገባ ደግሞ ክረምት ጭቃው፣ በጋ አቧራውና ኮረቱ አለ። ከዚህ ሁሉ መሃል ትንሿ ያንተ ሞተር ትመስልሃለች። ከኋላዋ ሳታይህ ለደረስክባት አሮጊት ግን ትንሽ አይደለችም።

እንግዲህ ከሕጉ እንጀምር። በሀገራችን ሕግ ሞተር ሳይክልም እንደ መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። አዋጁ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይባላል። "ሦስተኛ ወገን" የሚለውን ቃል ልብ በል። አንደኛው ወገን መድን ሰጪው ኩባንያ ነው፤ ሁለተኛው አንተ ነህ። ሦስተኛው ከውሉ ውጭ ያለ፣ አንተን የማያውቅህ፣ ምንም ያልፈረመ መንገደኛ ነው። መድኑ የተገዛው ለእርሱ ነው። ስለዚህ ወድቀህ እግርህ ቢሰበር ያ ወረቀት ላንተ ሕክምና አይከፍልም። ሞተርህ ብትሰባበር አያስጠግናትም፤ ሌባ ቢወስዳትም አይተካልህም። ብዙ ወጣት "እኔ ኢንሹራንስ አለኝ" ብሎ ሲተማመን ይህን ሳያውቅ ነው።

ለሦስተኛው ወገንም ቢሆን የሚከፈለው ያለ ልክ አይደለም። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ብሎ ወሰነ። (የንብረቱ ጣሪያ ከሰው ሕይወት መብለጡ ከገረመህ፣ እኔንም ይገርመኛል።) እንዲህ ያለ ጣሪያ ሊሻሻል ስለሚችል መድኑን ስትገዛ የዘንድሮው ስንት እንደሆነ ጠይቅና ጻፈው። ዋናው ነገር ጣሪያ መኖሩን ማወቅህ ነው።

ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ታዲያ የት ይሄዳል? ያንተ አንገት ላይ ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ላይ የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ያውም እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ነፃ ከሚያወጡት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ተሽከርካሪው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው።

እስኪ ይህን ከሰፈራችን ልማድ ጋር አያይዘው። ጓደኛህ ይመጣል፤ "ቁልፉን ስጠኝ፣ ማንኩሳ ደርሼ ልምጣ" ይልሃል። ይሉኝታ ይይዝሃል፤ ትሰጠዋለህ። መንጃ ፈቃድ እንዳለው አልጠየቅኸውም፤ ብትጠይቀው ይቀየምሃል። እርሱ ሰው ቢገጭ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠራው አንተን ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ ከነዳ ደግሞ ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ካንተ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፍ መከልከል ስስት የሚመስለው ካለ ነገሩን ከተጎጂው ቤተሰብ በኩል ሆኖ ይየው።

ሌላው ልማዳችን ሞተርን በእጅ ውል ሸጦ ስም ሳያዛውሩ መቅረት ነው። ሊብሬው ባንተ ስም ነው፤ ሞተሯ ግን ሁለት ሰው አልፋ ሦስተኛው ጋ ደርሳለች። ሻጭም ገዢም እዚህ ላይ ተጎጂ ናቸው። ሻጩ በማያውቀው አደጋ ይጠራል። ገዢው ደግሞ መድኑ በሌላ ሰው ስም ስለሆነ ካሳ ሲጠይቅ "አንተ ማነህ?" ይባላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ባቀራ 282ኛው አያ፣ የቁርኣን ረጅሙ አያ ላይ፣ የዕዳ ውል በጽሑፍና በምስክር እንዲሆን ሲያዝ ለሰው ገንዘብ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ተመልከት። ስም ለማዛወር አንድ ቀን መጉላላት ከዚህ አንጻር ምንም አይደለም።

አሁን "ሐራም አይደል እንዴ?" ወደሚለው እንምጣ። ብዙ ሰው ከመሃል ስለሚጀምረው እኔ ከሥሩ ልጀምርልህ።

በሸሪዓችን ሳያስብ በስህተት ሰው የገደለ ሰው ሁለት ነገር አለበት። ሱረቱን ኒሳእ 92ኛውን አያ ክፈትና ተመልከት። አንደኛው ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ዲያ፣ ማለትም የደም ካሳ ነው፤ ቤተሰቡ ይቅር ካለ ይቀራል። ሁለተኛው ከፋራ ነው። ዲያው ከባድ ነው፤ መነሻው መቶ ግመል ነው። ታዲያ አንድ ድሃ ይህን ከየት ያመጣል? ብዙኃኑ ፉቀሃዎች እንዳስተማሩት በስህተት ለተፈጸመ ግድያ ዲያውን ገዳዩ ብቻውን አይሸከምም። ዓቂላው፣ ማለትም የአባቱ ወገን ዘመዶች፣ በሦስት ዓመት ከፋፍለው ያዋጡታል። አደጋው የአንድ ሰው ነው፤ ሸክሙ ግን የብዙ ሰው ሆነ። የሟች ልጆችም "ገዳዩ ድሃ ነው" ተብለው ባዶ እጃቸውን አይቀሩም።

ይህን ስታነብ ዕድር ትዝ ካለህ ልክ ነህ። በጎጃም ገጠርም ደም ሲፈስ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ወገን አዋጥቶ ደሙ እንዲደርቅ ይደረጋል። የአሽዓሪዮችንም ወሬ ሰምተህ ይሆናል። ስንቃቸው ሲያልቅ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ሥራቸው አመስግነዋቸዋል፤ ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። እንግዲህ መከራን መካፈል በዲናችን የተወገዘ ነገር አይደለም፤ የተወደደ ነው።

ዑለማዎች የተከራከሩት በመተጋገዙ ላይ ሳይሆን በንግድ ኢንሹራንስ ውል ላይ ነው። አረቦን ትከፍላለህ፤ በምላሹ የምታገኘው ነገር ይኑር አይኑር፣ ስንት ይሁን፣ መቼ ይሁን አይታወቅም። ይህ ገረር ነው። ካሳ ባታገኝ የከፈልከው ለኩባንያው ትርፍ ሆኖ ይቀራል፤ ብታገኝ ከከፈልከው እጅግ የበለጠ ልትወስድ ትችላለህ፤ ይህ ቁማር ይመስላል። ገንዘቡም በወለድ ይሠራበታል። በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በታኅሣሥ 1985 እ.ኤ.አ. ጂዳ ላይ ተሰብስቦ የንግድ ኢንሹራንስ በሸሪዓ የተከለከለ ነው፣ አማራጩ በመረዳዳት ላይ የቆመ መድን ነው ብሎ ወስኗል። ይሁን እንጂ እንደ ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ትልቅ የፊቅህ ሰው ኢንሹራንስ በመሠረቱ ይፈቀዳል ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል። ስለዚህ ጎረቤትህ የተለየ ነገር ይዞ ብታገኘው አትዝለልበት።

የሦስተኛ ወገን መድን ግን ሕግ ያስገደደው ነው። የንግድ ኢንሹራንስን ከሚከለክሉት ዑለማዎች ብዙዎቹ እንኳ ሕግ አስገድዶት የሚከፍለው ሰው ኃጢአት የለበትም ይላሉ። ደግሞም ካሳው ወደ ኪስህ አይገባም፤ በአንተ ላይ ሐቅ ወዳለው ተጎጂ ነው የሚሄደው። ስለዚህ "ሐራም ስለሆነ አልገዛም" ብለህ ያለ ሦስተኛ ወገን የምትነዳ ከሆነ፣ ጥንቃቄው የት ላይ እንደሆነ አይገባኝም። ከሐራም ሸሸሁ ስትል የሰውን ሐቅ ያለ ዋስትና መንገድ ላይ እየጣልክ ነው። የሁለት ዲናር ዕዳ ያለበት ጀናዛ በመጣ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይሰግዱበት ቆይተው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) "ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን" ካሉ በኋላ መስገዳቸውን አስብ። ሁለት ዲናር ነው እንዲህ ያደረገው።

"ተወኩሉስ?" ለሚለኝ ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የተነገረው መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ ነው። ሄልሜትም ማሰሪያ ነው፤ ፍሬንም ማሰሪያ ነው፤ መድንም ከማሰሪያው አንዱ ነው።

አሁን ከሕጉ ግዴታ ባሻገር ምን ልጨምር የሚለውን እንይ። እዚህ ላይ ለሙስሊም ወጣት የመጀመሪያው በር ተካፉል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የምትከፍለው ገንዘብ የኩባንያው ሀብት አይሆንም። ለተሳታፊዎች መረዳጃ የሰጠኸው ተበሩዕ ሆኖ በተለየ ቋት ይቀመጣል። ኩባንያው ቋቱን በወኪልነት ያስተዳድራል፤ ለሥራውም የታወቀ ክፍያ ይወስዳል። ገንዘቡ ወለድ ባለበት ነገር ላይ አይሠራበትም። ካሳ ተከፍሎ ትርፍ ሲኖር ትርፉ የተሳታፊዎች ነው፤ ቋቱ ሲጎድል ኩባንያው ያለ ወለድ አበድሮ ይሞላዋል። የመጀመሪያው የተካፉል ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ ተመሠረተ። በእኛም ሀገር ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የተካፉል ፈቃድና ቁጥጥር መመሪያ አውጥቷል፤ መደበኛ የመድን ኩባንያዎችም በተለየ መስኮት ተካፉል የሚሰጡበት በር ተከፍቷል። በአካባቢህ ያለው ቅርንጫፍ መስኮቱ ባይኖረው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ደውለህ ጠይቅ። ስትጠይቅም "ተካፉል አላችሁ?" ብለህ አታቁም፤ ቋቱ በእርግጥ የተለየ ነው ወይ፣ የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን ናቸው፣ የዓመቱ ትርፍ ለማን ይሄዳል ብለህ ጠይቅ። ስሙ ብቻ ዓረብኛ የሆነ ነገር አይጠቅምህም።

ተካፉል ካላገኘህስ? በፈቃድ ላይ የተመሠረተውን፣ ማለትም ለራስህ ሞተር የምትገዛውን የንግድ መድን በተመለከተ የምታምነውን ዓሊም ሁኔታህን ዘርዝረህ ጠይቅ። ሞተሯ የቤተሰብ እንጀራ የሆነችበት ሰውና ለመዝናኛ የያዛት ሰው መልሳቸው አንድ ላይሆን ይችላል። እስከዚያው በእጃችሁ ያለ ነገር ግን አለ። በአንድ ተራ የምትሠሩ አሥራ አምስት ሃያ ሞተረኞች ከሆናችሁ የሞተረኞች ዕድር አቋቁሙ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ተዋጡ፤ ገንዘቡን ለመረዳዳት እንደሰጣችሁት ጻፉ፤ አንዱ ሲወድቅ ለሕክምናው፣ ሞተሩ ሲሰበር ለጥገናው እርዱት። ሙስሊም ያልሆነው ባልንጀራችሁም ይግባበት፤ ዕድር ለሁሉም ነው። ይህ ለአባላቱ መረዳጃ እንጂ ለሕዝብ የሚሸጥ መድን አይሁን፤ መድን መሸጥ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገንንም አይተካም።

ሽፋኑን ስትመርጥ ከዋጋው በፊት አጠቃቀምህን ተናገር። ጠዋት ቢሮ ደርሳ ማታ ግቢ የምታድር ሞተር አለች፤ ቀኑን ሙሉ ሰውና ዕቃ የምታመላልስም አለች። አደጋቸው አንድ አይደለም፤ አረቦናቸውም አንድ አይሆንም። ብዙ ሰው አረቦን እንዲቀንስለት "ለግል ነው" ብሎ ያስሞላና በማግስቱ ሰው ይጭንባታል። ይህን ቀላል ነገር አታድርገው። በንግድ ሕጉ የመድን ክፍል መድን ገቢው ስለ አደጋው ሁኔታ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበት፤ እያወቀ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በሸሪዓ ደግሞ ውሸቱ ገሽ ነው፤ ማታለል ነው። ካሳውን የሚከፍለው "ኩባንያ እኮ ነው" ብለህ ራስህን አታጽናና፤ በተካፉል ቋት ውስጥ ከሆነ የምታታልለው እንዳንተው የከፈለውን ወንድምህን ነው።

ከሦስተኛ ወገን በላይ የሚገኙት ሽፋኖች በጥቅሉ እነዚህ ናቸው፦ ሦስተኛ ወገን ከእሳትና ከስርቆት ጋር፣ የሞተርህን ጉዳት ጨምሮ የሚይዝ ሙሉ ሽፋን፣ ለብቻው ወይም በተጨማሪ የሚገዛ የግል አደጋ መድን። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ሙሉ ሽፋኑ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩን ይወዳል። እኔ ግን ብትጠይቀኝ ከሦስተኛ ወገን ቀጥሎ መታሰብ ያለበት የነጂው አካል ነው። ሞተር እንደ መኪና ቆርቆሮ የላትም፤ ስትወድቅ ቆርቆሮው አንተ ነህ። የተሰበረ ፋናል ቀስ ብሎ ይገዛል። የተሰበረ ጭን ግን ለወራት ያስተኛል፤ በእነዚያ ወራት እናትህን የሚያበላት ማነው? ስለዚህ ለነጂው ሞት፣ ለአካል ጉዳትና ለሕክምና የሚከፍለውን ክፍል ለይተህ ጠይቅ። ከኋላህ የሚቀመጠውም ሰው ተካትቶ እንደሆነ በስሙ ጠይቅ፤ "አዎ" ከተባልክ የት ላይ እንደተጻፈ ያሳዩህ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያለው ቤተሰብም የመንገድ አደጋን ይሸፍን እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱን ቢጠይቅ ደግ ነው።

የግብርና ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነሽ የመሥሪያ ቤት ሞተር የምትነጂ እህቴ፣ "የመንግሥት ስለሆነ መድን አለው" ብለሽ አትለፊው። ለሞተሯ ነው ወይስ ለአንቺም? ወረቀቱን ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ሞተሯን በሙራበሓ ከባንክ የወሰደ ደግሞ ባንኩ ሙሉ ሽፋን ሊጠይቀው ይችላልና በተካፉል እንዲሆንለት ከመፈረሙ በፊት ይነጋገር።

ሙሉ ሽፋን የምትገዛ ከሆነ የሞተሯን ዋጋ አሳንሰህ አታስመዝግብ። በምሳሌ ላስረዳህ። ሞተርህ ዛሬ ገበያ ላይ 160,000 ብር ታወጣለች እንበል፤ አንተ አረቦን ለመቆጠብ 80,000 ብለህ አስመዘገብካት። የ40,000 ብር ጉዳት ቢደርስ "ከ80,000 አልበለጠም፣ ሙሉውን አገኛለሁ" ትላለህ። የመድን ሒሳብ ግን እንዲህ አይደለም፤ ግማሹን ብቻ ስላስመዘገብክ ግማሹ፣ 20,000 ብር ነው የሚደርስህ። ከዚያ ላይ ደግሞ ኤክሰስ የሚሉት፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት አንተ ራስህ የምትሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። አጋንኖ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ መድን ካሳ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም፤ ከደረሰብህ ጉዳት በላይ አይከፍልም። ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ስታድስ አዲሱን ገምት።

ከዚያ "የማይሸፈኑ" የሚለውን ገጽ አንብብ። ኩባንያው የሚሰጥህ ብሮሹር ስለሚሸፈነው ነው የሚያወራው፤ ዓመቱን የሚወስነው ግን ያ ገጽ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት፣ ሰክሮ መንዳት፣ ከተፈቀደው በላይ መጫን፣ ከተመዘገበው ውጭ በሆነ ሥራ ላይ ማዋል በአብዛኛው እዚያ ተዘርዝረው ታገኛቸዋለህ። አንድ ሞተር ላይ አራት ሆኖ ከገበያ መመለስ እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ ግን ምን እንደሚባል አንብበው። ጦርነት፣ ሁከትና ሽብርም ከመደበኛው ሽፋን ውጭ የሚደረጉ ነገሮች ናቸው፤ ፖለቲካዊ ሁከትን የሚመለከተው ሽፋን ካለ ለብቻው ተጠይቆ፣ ለብቻው ተከፍሎበት ነው። በዚህ ዘመን ለምዕራብ ጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ።

አሁን አላህ ይጠብቅህና አደጋው ደረሰ እንበል። መጀመሪያ አትሽሽ። ወጣቱ የሚሸሸው ከክፋት አይደለም፤ ደንግጦ ነው፤ የተቆጣ ሰው ይመታኛል ብሎም ነው። ለነፍስህ ከሰጋህ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ሂድ እንጂ አትሰወር። የተጎዳው ሰው ሕክምና ማግኘት አለበት፤ አዋጁም የጤና ተቋማት ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ያዛል፤ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር የሚደርሰውን ወጪ በመድኑ በኩል እንዲሸፈን አድርጎ ነበር። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብር እስኪያገኝ ተጎጂውን ደጅ ሊያቆየው ስለሚችል አንተ ንገራቸው። ገጪው ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው ከሆነም ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሳ የሚጠይቅበት መንገድ አለ። ይህን ደግሞ ገጪ ባትሆንም እወቀው፤ ነገ ለጎረቤትህ ትነግረዋለህ።

ለፖሊስና ለመድን ኩባንያው ወዲያው አሳውቅ። እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። አደጋ ሲደርስ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሳ ተነጋግሮ፣ "ይህን ያህል ይክፈል" ተብሎ ይፈረማል። እርቁ ትልቅ ነገር ነው፤ በጎጃም ደም ሳይደርቅ ማደር ምን እንደሚያስከትል የምታውቀው አንተ ነህ። ነገር ግን በመድን ውሎች ላይ ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋትን አምኖ ካሳ መዋዋል በአብዛኛው ክልክል ነው፤ ኋላ ስትጠይቅ "እኛ ሳንፈቅድ ለተስማማኸው አንከፍልም" ልትባል ትችላለህ። መፍትሔው ሽማግሌውን ማስቀረት አይደለም። ሽማግሌው ይግባ፤ ተጎጂውን ጠይቅ፤ ለቅሶ ድረስ፤ ይቅርታ ለምን። የገንዘቡን መጠን የሚመለከተው ስምምነት ግን ኩባንያው ካወቀ በኋላ ይፈረም። ለሽማግሌዎቹ ይህን አስቀድመህ ብታስረዳቸው ይገባቸዋል፤ የተጎጂው ቤተሰብ ሙሉ ካሳ እንዲያገኝ ነውና።

ደግሞ ካሳው ተከፍሎ አለቀ ብለህ አትቁም። የሰው ሕይወት ጠፍቶ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ከፋራው አለ። በዘመናችን ባሪያ ነፃ ማውጣት ስለሌለ የቀረው ሁለት ተከታታይ ወር መጾም ነው። ይህን የሚጾምልህ ኩባንያ የለም፤ ተካፉልም አይጾምልህም። ጥፋቱ በእርግጥ ያንተ ነው አይደለም የሚለውን ዓሊም ዘንድ ሄደህ ነገሩን ሳትቀንስ ሳትጨምር ተናገርና ጠይቅ። ኩባንያው የከፈለው ከትክክለኛው ዲያ የሚያንስ ከሆነም ቀሪው ጉዳይ በአንተና በወራሾቹ መካከል ነው፤ ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይቅር ይባላል። ያላወቀ ሰው ይቅር አላለምና ይቅርታውን ስትጠይቅ ሐቃቸው ምን ያህል እንደሆነ ነግረሃቸው ይሁን።

የቀረችው የወረቀት ሥራ ናት። የሦስተኛ ወገኑን ማስረጃ፣ የሊብሬውንና የመንጃ ፈቃድህን ፎቶ ስልክህ ላይ አኑር፤ አንድ ኮፒ ቤት ይቀመጥ፤ የት እንዳለም ከቤተሰብህ አንድ ሰው ይወቅ። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ ቁም ሣጥን የሚያገላብጡት እነርሱ ናቸው። የመድኑ ዘመን የሚያበቃበትንም ቀን አሁኑኑ አውጥተህ እይ። ስልክህ ከአሥር ቀን በፊት እንዲያስታውስህ ሙላው፤ የመጨረሻው ቀን እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ቢሮው ዝግ ነው፣ ሞተሯ ግን ያን ቀንም ገበያ ትወጣለች።